በጠረጴዛው ዙሪያ ያልተቀመጡት

የአሜሪካን የጦር ታሪክ በቀን በቀኑ ዘርዝሮ የሚያነብ ሰው ኤፕሪል 9 ላይ ሲደርስ ሦስት የቦታ ስሞች ጎን ለጎን ተሰልፈው ያገኛል፤ አፖማቶክስ፣ ባታን፣ ባግዳድ። በ1865 የደቡቡ ጦር አዛዥ ሮበርት ሊ ለሰሜኑ አዛዥ ለዩሊሰስ ግራንት እጁን ሰጠ። በ1942 በፊሊፒንስ፣ በባታን ልሳነ ምድር የተከበበው የአሜሪካውያንና የፊሊፒናውያን ጦር ለጃፓን እጁን ሰጠ። በ2003 የአሜሪካ ወታደሮች ባግዳድ መሀል ገብተው የሳዳም ሁሴን ሐውልት ተገረሰሰ። የመጀመሪያው የአንድ አገር ልጆች የተላለቁበት ጦርነት ማብቂያ ነው፤ ሁለተኛው ሽንፈት፣ ሦስተኛው ደግሞ ድል ተብሎ የተዘገበ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀን በራሱ ምንም አያውቅም። ኤፕሪል 9 በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1 ነው፤ ባታን የወደቀችው ሚያዝያ 1 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ባግዳድ የወደቀችው ሚያዝያ 1 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። ሊ እጁን የሰጠው ግን ሚያዝያ 2 ቀን 1857 ዓ.ም. ነበር። አውሮፓውያን 1900ን ያለ ተጨማሪ ቀን ስላሳለፉት ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ቀን ይበልጥ ተራራቁ። የዐድዋን ድል የሚያከብር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ውጊያው በተካሄደበት ዓመት የካቲት 23 ከማርች 1 ጋር ይገጥም ነበር፤ ዛሬ በዓሉ የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ስለዚህ በዋሽንግተን አንድ የሆነው ቀን በአዲስ አበባ ሁለት ይሆናል። ሦስቱን ታሪኮች ያስተሳሰረው የሰማይ ዑደት ቢሆን ኖሮ አቆጣጠር ሲለወጥ ትስስሩ ባልተፈታ ነበር።

ትስስራቸውን ፍለጋ ከቀኑ ወደ ነገሩ መሻገር አለብን። ሦስቱም ላይ አንድ ወገን ተሸንፏል፤ ሦስቱም ላይ አሸናፊው በተሸናፊው ሕይወት ላይ ያዝዝ ዘንድ ሥልጣን አግኝቷል። ሦስቱም ላይ ደግሞ አሸናፊም ተሸናፊም ያልሆነ፣ ስምምነቱን ያልተጠየቀ፣ ዕዳው ግን የመጣበት ሦስተኛ ወገን ነበር። የጦርነትን ፍጻሜ በትክክል መመዘን የሚቻለው በዚህ ሦስተኛ ወገን ዕጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ያስተማረኝም እነዚህን ሦስት ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት ነው።

በ1865 ኤፕሪል 9 በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት የሆሳዕና ዕለት ነበር። ግራንት ሌሊቱን ራሱን ሲያመው አድሮ፣ የሊ መልእክት እንደ ደረሰው ሕመሙ ወዲያው እንደ ለቀቀው በኋላ ጽፏል። የተገናኙት በቨርጂኒያ፣ አፖማቶክስ ኮርት ሐውስ በምትባል መንደር፣ በዊልመር ማክሊን ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ሊ ሙሉ የማዕረግ ልብሱን ለብሶ፣ ያማረ ሰይፉን ታጥቆ ቀድሞ ደረሰ። ግራንት ጭቃ የነካው የተራ ወታደር ልብስ ላይ የማዕረጉን ምልክት ብቻ አድርጎ መጣ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ስለቀረው ስለ ሜክሲኮ ጦርነት ትንሽ አወሩ፤ ያኔ ሁለቱም በአንድ ሰንደቅ ሥር ነበሩ። ከዚያ ሊ ወደ ጉዳዩ መለሰው።

ግራንት በእጁ የጻፈው ቃል አጭር ነው። የሊ ወታደሮች መሣሪያቸውን አስረክበው፣ ዳግም ላይዋጉ ቃል ገብተው ወደየቤታቸው ይመለሱ፤ ቃላቸውንና የአገራቸውን ሕግ እስከጠበቁ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት አይነካቸውም። መኮንኖች የጎን መሣሪያቸውን፣ ፈረሳቸውንና ጓዛቸውን ይያዙ። ሊ አንድ ነገር አነሣ፤ በእሱ ጦር ፈረሰኛውና መድፈኛው ፈረሱን ያመጣው ከገዛ ቤቱ ነው። ግራንት የጻፈውን ባይለውጥም፣ ፈረሱ ወይም በቅሎው የኔ ነው ያለ ሁሉ ይዞ እንዲሄድ ትእዛዝ እሰጣለሁ አለ። ወሩ የእርሻ ወር ነበርና፣ እነዚህ ሰዎች ያለ ከብት የሚመጣውን የብርድ ወራት የሚያሻግር እህል ማብቀል እንደማይችሉ ገብቶታል። ቀጥሎም ለተራበው የሊ ጦር የ25,000 ሰው ስንቅ እንዲሰጥ ተስማማ። የሰሜኑ ጦር ለደስታው መድፍ መተኮስ ሲጀምር ግራንት አስቆመው፤ በወደቀ ጠላት ላይ መፈንጠዝ አልፈለገም። በመንደሩ የእንግዳ ማደሪያ ውስጥ ማተሚያ ተተክሎ ለ28,000 ያህል ሰዎች የይለፍ ወረቀት ታተመ።

ከ600 ሺህ በላይ ሰው የበላ ጦርነት ባበቃ በሰዓታት ውስጥ ይህን መፈጸም ትልቅ ነገር ነው። ግራንት የደቡቡን ዓላማ ይጠላ ነበር፤ ሕዝብ ከተዋጋላቸው ዓላማዎች ሁሉ ከክፉዎቹ እንደ አንዱ ቆጥሮታል። ዓላማውን መጥላቱ ግን ሰውዬው ነገ ጎረቤቱ እንደሚሆን ከማየት አላገደውም። እንዲህ ያለውን ምሕረት የልብ ርኅራኄ ብቻ አድርገን ካየነው እናሳንሰዋለን፤ ውስጡ የጠራ አስተሳሰብ አለ። የተሸነፈ ሰው የሚያርሰው መሬት፣ የሚጠምደው ከብት፣ የሚመለስበት ቤት ካለው መሣሪያ ለማንሣት ምክንያቱ ይቀንሳል። በጁን 1865 ሊ በአገር ክህደት ሲከሰስ ግራንት የገባሁት ቃል ይፈርሳል ብሎ ተከራከረ፤ ሥልጣኑን እንደሚለቅ እስከ መናገር ደረሰ፤ ክሱም ሳይቀጥል ቀረ። በወረቀት የሰፈረው ቃል ጸሐፊውንም አሰረው፤ የውል ክብርም ይህ ነው።

ግራንት የጻፈባት ትንሽ የእንጨት ጠረጴዛ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ትገኛለች። ጄኔራል ሼሪዳን ያን ዕለት በ20 ዶላር ገዝቷት ለጄኔራል ኩስተር ሚስት ስጦታ አድርጎ ልኳት ነበር። ጠረጴዛዋን የሚያይ ጎብኚ ሁለት ሰዎችን በዓይነ ኅሊናው ያስቀምጣል። እኔ ግን ከዚያ ሳሎን ውስጥና ውጪ የነበሩ ሌሎች ሰዎችን ማሰብ እፈልጋለሁ።

አንዱ ውስጥ ነበር። የስምምነቱን ቃል በቀለም አጥርቶ የገለበጠው የግራንት ወታደራዊ ጸሐፊ ኢሊ ፓርከር የሴኔካ ሕዝብ ተወላጅ ነው። በወጣትነቱ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ እንዳይሆን የተከለከለው የአሜሪካ ዜጋ አይደለህም ተብሎ ነው። አሜሪካን ዳግም አንድ ያደረገው ሰነድ በእጁ ጽሕፈት ተጽፎ ለሊ ተሰጠ፤ አገሪቱ ግን ነባር ሕዝቦቿን ሁሉ በሕግ ዜጋ ያደረገችው በ1924፣ እሱ ካረፈ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው።

ሌሎቹ ውጪ ነበሩ። በዚያ ጠዋት የሊን መንገድ ከዘጉት ክፍሎች መካከል የጥቁር ወታደሮች ሬጅመንቶች ይገኙበታል። በጦርነቱ በጠቅላላው ወደ 180,000 ጥቁሮች ለሰሜኑ ተሰልፈዋል። ከጦርነቱ በፊት በደቡቡ አራት ሚሊዮን ያህል ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር፤ ጦርነቱ የተነሣው በእነሱ ምክንያት ነው። በማክሊን ሳሎን የተጻፈው ቃል ስለ እነሱ አንዳች አይናገርም። ውሉ የሁለት ጦሮች ጉዳይ ነውና መናገር አይጠበቅበትም የሚል ሰው ልክ ነው፤ ባርነትን በሕገ መንግሥት የሻረው ማሻሻያም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ጸድቋል። ሆኖም የተሸናፊው ነገር በሰዓታት ውስጥ ሲያልቅ፣ የነፃ ወጪው ነገር ለነገ ተባለ። ያ ነገ እንዴት ያለ ሆነ?

በጃንዋሪ 1865 ጄኔራል ሸርማን በሳውዝ ካሮላይና፣ በጆርጂያና በፍሎሪዳ ዳርቻ ያለውን መሬት እስከ አርባ ኤከር እየተሸነሸነ ነፃ ለወጡ ቤተሰቦች እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንከን ከአፖማቶክስ በአምስተኛው ቀን በጥይት ተመታ፤ በማግሥቱም ሞተ። የተካው አንድሪው ጆንሰን በዚያው ዓመት መሬቱን ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች መለሰው። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ማየት ያማል፤ ባርነት እንዲቀጥል የተዋጋው ወታደር በቅሎውን ይዞ ወደ ማሳው ሄደ፤ ማሳውን በባርነት ሲያለማ የኖረው ሰው የተሰጠውን መሬት ተነጠቀ። በኖቬምበር ሚሲሲፒ ባወጣችው ሕግ፣ ሥራ እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት ያልያዘ ጥቁር ሥራ ፈት ተብሎ ይታሰራል፤ መቀጮውን መክፈል ካልቻለም ጉልበቱ ለሌላ ይከራያል። ከሊ ጋር እጃቸውን የሰጡትን ሰዎች የይለፍ ወረቀት ከጥቃት ሲጠብቃቸው፣ ጥቁሩ ወረቀት ባለመያዙ ብቻ ታሰረ።

ግራንትን አልወቅስም። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ በጥቁሮች ላይ ሽብር የሚነዛውን ኩ ክለክስ ክላንን በ1871 ሕግና በጦር ኃይል መትቶታል። ችግሩ ከአንድ ሰው ይበልጣል። የትናንት ጠላቶች ሲታረቁ እርቁ ደስ ይላል፤ ደስታው ውስጥ ሦስተኛውን ሰው መርሳት ቀላል ነው። በ1877 የፌዴራሉ ጦር በደቡቡ ከነበረው የመጨረሻ ጥበቃ ሲነሣ፣ ሰሜንና ደቡብ ተስማሙ ተባለ። የስምምነቱን ዋጋ የከፈለው ጥቁሩ ዜጋ ነው፤ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከፈለ።

ከአፖማቶክስ 77 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ ሜጀር ጄኔራል ኤድዋርድ ኪንግ በባታን ጫካ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ንጹሕ የማዕረግ ልብስ ለበሰ። ኪንግ የጆርጂያ ሰው ነው፤ ሊ በአክብሮት በሚነሣበት ምድር ያደገ። ወደ ጃፓኖቹ ሲሄድ ሊ በዚያው ቀን ወደ ግራንት ከመሄዱ በፊት፣ ከዚህ ሞት ይሻለኛል ያለበትን መራራ ቃል አስታወሰ። ከሦስቱ ታሪኮች መካከል አንዱ ሌላውን በእውነት የነካው እዚህ ላይ ብቻ ነው። የነካካቸው የቀኑ ቁጥር አይደለም፤ ቀኑን ያስታወሰው ሰው ነው። ኪንግ የማይቻል ውሳኔ በፊቱ ቆሞ ሳለ፣ ክብር ያለው ሽንፈት ምን እንደሚመስል ያየበት መስታወት አፖማቶክስ ሆነለት።

ጦሩ ከጃንዋሪ ጀምሮ በግማሽ ራሽን ይኖር ነበር፤ በማርች ከዚያም ወረደ። ወባው ተስፋፋ፤ ኪኒን አለቀ። የ26ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ፈረሶች ታርደው ተበሉ። ጠቅላይ አዛዡ ዳግላስ ማክአርተር በማርች ወደ አውስትራሊያ ሄዷል፤ ከዚያ የመጣው ትእዛዝ ግን እጅ እንዳይሰጥ፣ ይልቁን እንዲያጠቃ ነበር። የኪንግ የበላይ ዌይንራይት ኮረሂዶር ደሴት ላይ ነው። ኪንግ እጅ ሊሰጥ እንደሆነ ለዌይንራይት አልነገረውም፤ ተጠያቂነቱ ወደ እሱ እንዳይደርስ ፈልጎ። ለወታደሮቹም እጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ እንጂ እናንተ አይደላችሁም አላቸው። ከጦርነቱ በኋላ በወታደራዊ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ይጠብቅ ነበር፤ አልቀረበም። የሰውን ሕይወት ለማትረፍ ሲል የገዛ ስሙን የሚሠዋ አዛዥ ብርቅ ነው፤ በጀግንነት ሚዛን ላይ ከብዙ የጥቃት ትእዛዞች በላይ ይመዝናል።

ላማኦ በምትባል ስፍራ የጠበቀው ግን ግራንት አልነበረም። ጃፓናዊው ኮሎኔል ናካያማ ኪንግን በውል ሊያነጋግር አልመጣም። ኪንግ የታመሙትና የተራቡት ወታደሮቹ ለዚሁ ብሎ በቆጠበው ነዳጅ፣ በራሳቸው መኪናዎች እንዲጓጓዙ ለመነ፤ እምቢ ተባለ። ሰዎቼ በደግ ይያዛሉ ወይ ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ፤ በአስተርጓሚው በኩል፣ እኛ አረመኔዎች አይደለንም የሚል መልስ ብቻ አገኘ። ሰይፍ ስላልያዘ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ምንም አልተጻፈም፣ ምንም አልተፈረመም። አፖማቶክስ ላይ ጠረጴዛም ወረቀትም ነበር፤ ባታን ላይ ጠረጴዛ እንጂ ወረቀት የለም። ለተሸነፈ ሰው በወረቀቱና በዚያ ባዶ ቦታ መካከል ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ነው።

የሆነው ይታወቃል። ምርኮኞቹ ወደ 100 ኪሎ ሜትር መንገድ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ በቂ ውሃና ምግብ ተነዱ። የወደቀ በሳንጃ ተወጋ፤ ወደ ውሃ የተጠጋ ተተኮሰበት። ሳን ፈርናንዶ የደረሱት በታሸጉ የጭነት ባቡሮች ታጭቀው ወደ ኦዶኔል ካምፕ ተወሰዱ። በጉዞው በሺዎች የሚቆጠሩ ፊሊፒናውያንና በመቶዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ሞቱ፤ በካምፑ ደግሞ ከዚያ የባሰ እልቂት ሆነ። ኢማኑኤል ካንት በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ባሳተመው ድርሰቱ፣ በጦርነት መሀል እንኳ ነገ ለሚመጣው ሰላም የሚያስፈልገውን መተማመን የሚያጠፋ ሥራ እንዳይሠራ ይጠይቃል። የባታን መንገድ ይህ ሐሳብ ለምን የፈላስፋ ቅንጦት እንዳልሆነ ያሳያል። የጃፓኑን ጦር ያዘዘው ጄኔራል ሆማ በኤፕሪል 1946 በጥይት ተገደለ።

ባታን ላይ እጅ ከሰጡት ወደ 75,000 ሰዎች አሜሪካውያኑ 12,000 ገደማ ነበሩ። የቀሩት ፊሊፒናውያን ናቸው። ምድሩ የእነሱ፣ ከተማው የእነሱ፣ ከሞቱት አብዛኞቹ የእነሱ። እጅ የመስጠቱን ውሳኔ የወሰነው ግን አሜሪካዊ ጄኔራል፣ የተቀበለው ጃፓናዊ ኮሎኔል ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጁላይ 1941 ባወጣው ትእዛዝ የፊሊፒንስን ሠራዊት በአሜሪካ ጦር አገልግሎት ሥር አስገብቶት ነበር። በፌብሩዋሪ 1946 የአሜሪካ ኮንግረስ ባጸደቀው ሕግ የዚያ ሠራዊት አገልግሎት ለአብዛኛው የአርበኛ ጥቅም እንደ አሜሪካ ጦር አገልግሎት እንዳይቆጠር ተደረገ። በአንድ ጉድጓድ አብረው የተዋጉ፣ በአንድ መንገድ ላይ አብረው የወደቁ ሰዎች በመዝገብ ተለያዩ። በ2009 በሕይወት ለቀሩት አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ተፈቀደ፤ የአሜሪካ ዜግነት ለያዙት 15,000 ዶላር፣ ላልያዙት 9,000 ዶላር። በስልሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ስንቱ ሳይቀበል እንደ ሞተ አንባቢ ይገምት።

ፊሊፒናውያን ግን ማስታወሱን ለሌላ አልተዉትም። ኤፕሪል 9ን የጀግንነት ቀን ብለው ብሔራዊ በዓል አደረጉት፤ በባታን በሳማት ተራራ ላይ ትልቅ የመስቀል ሐውልት አቁመዋል። ሽንፈትን በዓል ማድረግ ጥልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ መዝገብ ያ ቀን ትልቅ ጦር እጁን የሰጠበት ቀን ነው፤ በእነሱ መዝገብ ሰው ሆኖ የተገኘ ሁሉ የሚከበርበት ነው። በጠረጴዛው ያልተቀመጠ ሕዝብ በገዛ ትዝታው የራሱን ስፍራ ሠራ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የሚረሳው ወዳጅም ሊሆን እንደሚችል ባታን ያስተምራል።

ባግዳድ ላይ ጠረጴዛውም አልነበረም። በፊርዶስ አደባባይ የቆመው የሳዳም ሐውልት፣ ለስልሳ አምስተኛ ልደቱ ከተሠራ ዓመት አልሞላውም። ከአደባባዩ ፊት ለፊት የውጭ ጋዜጠኞች ያረፉበት ሆቴል ነበርና ዓለም ሁሉ በቀጥታ አየው። ኢራቃውያን በመዶሻ ቀጠቀጡት፤ አልወድቅ ሲል የአሜሪካ ባሕር ወለዶች በጎታች መኪናቸው ሳቡት። አንድ ወታደር የአሜሪካን ባንዲራ በሐውልቱ ፊት ላይ አለበሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ተነሥቶ የኢራቅ ባንዲራ ተተካ። በዚያ አደባባይ የነበረው ደስታ ውሸት አልነበረም፤ ሳዳም ልጆቻቸውን የበላባቸው ሰዎች ደስ ሊላቸው ይገባል። ሆኖም እጅ የሰጠ መንግሥት፣ እጅ የሰጠ ጄኔራል፣ የተፈረመ ቃል የለም። ሳዳም ራሱ የተያዘው በዲሴምበር ነው። በሊ ቦታ የተቀመጠው ነሐስ ነው፤ ነሐስ ደግሞ ቃል አይገባም፣ ስለ ፈረስም አይለምንም።

በማግሥቱ የኢራቅ ብሔራዊ ሙዚየም መዘረፍ ጀመረ፤ በቀናት ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጉ ቅርሶች ተወሰዱ፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የነዳጅ ሚኒስቴሩ ሕንጻ ግን በአሜሪካ ወታደሮች ይጠበቅ ነበር። በሜይ 16 የአሜሪካው አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር የባዝ ፓርቲ ከፍተኛ አባላትን ከመንግሥት ሥራ የሚያግድ ትእዛዝ አወጣ፤ መምህራን ሳይቀሩ ተባረሩ። በሜይ 23 ሁለተኛው ትእዛዝ የኢራቅን ጦር አፈረሰ። ጦሩ ቀድሞውንም ተበትኗል የሚል መከራከሪያ ቀርቧል። ይሁንና የተበተነን ወታደር ጠርቶ ማዕረጉንና ደመወዙን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ሠራዊትህ የለም ብሎ ማወጅ ሌላ ነው። ብዙ ቁጣ ከተነሣ በኋላ ጥቂት ክፍያ ቢፈቀድም ጉዳቱ ደርሷል። አፖማቶክስ ላይ ወታደሩ ጠመንጃውን ትቶ ስንቁንና ፈረሱን ይዞ ሄደ፤ ባግዳድ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ደመወዙን አጥቶ፣ ጠመንጃው በእጁ ቀርቶ ሄደ። ከዚህ ወዲህ የመጣውን ሁሉ ይህ ብቻ አላመጣውም፤ ግን ያለ እሱ ሊገባን አይችልም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በኤፕሪል 9 ቀን 2005፣ በዚያው በፊርዶስ አደባባይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢራቃውያን የአሜሪካ ጦር ይውጣልን ብለው ተሰለፉ። ጦሩ እስከ ዲሴምበር 2011 ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ከ4,000 በላይ አሜሪካውያን ወታደሮችና ከመቶ ሺህ በላይ ኢራቃውያን ሲቪሎች ሞተዋል። ሲቪሎቹ ሳዳምን አልመረጡትም፤ ወራሪውንም አልጠሩትም። ከሦስቱ ታሪኮች ሁሉ ሦስተኛው ወገን ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ፣ ይህን ያህል ሳይጠየቅ የቀረበት የለም።

እንግዲህ ሦስቱ ቀኖች ስለ ምሕረትና ስለ ፍትሕ ምን ይሉናል? በመጀመሪያ ደረጃ፣ ለተሸነፈ ጠላት የሚሰጥ ምሕረት በቃል፣ በወረቀት፣ በስንቅ መታየት አለበት። የባታን ኮሎኔል ቃል ከእንዲህ ያለው ነገር ባዶ ስለሆነ ዋጋ አልነበረውም፤ ባግዳድ ደግሞ ቃሉንም ነፈገች። ሁለተኛውና የሚከብደው ነገር፣ ምሕረት በሌላ ሰው ኪስ መሰጠት የለበትም። ግራንት ለሊ ወታደር ፈረሱን ሲተውለት ከአሸናፊው ድርሻ ነው የተወው፤ ይህ ምሕረት ነው። አገሪቱ በኋላ የነፃ ወጪውን መሬትና ድምፅ ለሰላም ሲባል አሳልፋ ስትሰጥ ግን የሰጠችው የራሷን አይደለም። የበደል ይቅርታ የተበዳዩ ንብረት ነው። ሁለት ጄኔራሎች እርስ በርሳቸው ይቅር መባባል ይችላሉ፤ በባርነት ተወልዶ የኖረን ሰው ወክለው ይቅር ማለት አይችሉም።

ይህ ለእርቅ ጠላት መሆን አይደለም። በአገራችን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ጣሊያን በገባበት ቀን ልክ በአምስተኛው ዓመት ነው፤ ቀኑ ሆን ተብሎ ተመረጠ። በዚያ ቀን ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ተናገሩ። ቃሉ ክብደት ያገኘው ከተበዳዩ ወገን ስለመጣ ነው። በደል የደረሰበት ወገን በጠረጴዛው ሲቀመጥ ምሕረቱ ሙሉ ይሆናል፤ ሳይቀመጥ ሲቀር የተሰጠው ምሕረት ምንም ያህል ቢያምር ጎደሎ ነው።

ስለዚህ ኤፕሪል 9ን የሚዘክር ሰው በዓመተ ምሕረቱ ላይ አንድ ተጨማሪ ቁጥር እንዲጽፍ እጠይቃለሁ፤ ሦስተኛው ወገን የተገባውን ያገኘበትን ዓመት። ለአፖማቶክስ 1965 ነው፤ ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸው በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ያገኘበት፣ ሊ እጁን ከሰጠ መቶ ዓመት በኋላ። ለባታን 2009 ነው፤ እሱም በከፊል፣ ለቀሩት ጥቂቶች ብቻ። ለባግዳድ የሚጻፍ ዓመት የለም። እስኪገኝ ድረስ ያንን ቀን የድል ቀን ብሎ ለመዝጋት ማንም መብት የለውም፤ ጦርነቱን የጀመረውም ሆነ ሐውልቱን የጎተተው። ጦርነት ማብቃቱን ሊነግረን የሚገባው ሳይጠየቅ ዋጋውን የከፈለው ሰው ነው፤ ያን ሰው ጠርቶ ከጠረጴዛው ማስቀመጥ ደግሞ አሸናፊ ነኝ የሚል ሁሉ የመጀመሪያ ግዴታ ነው።